አሥራ አንድ አንዶች

ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የወረድኩት ለአንዲት ልጅ የበደልኳትን ልነግራት ነው። ጉልበቴ ቁልቁለቱን አይወድም፤ ሚኒባሱ በታጠፈ ቁጥር የፊቱን ወንበር ጨብጬ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት የዞኑን የሒሳብ ውድድር የመጨረሻ ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አሥራ አንድ አንዶች ተከታትለው የተጻፉበት 11,111,111,111 ብቸኛ ቁጥር ነው ወይ? ማለትም ከአንድና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም ወይ? እስከ አንድ ሺህ ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ አካፍዬ እምቢ ሲለኝ ደከመኝና መልሱን «ብቸኛ ነው» ብዬ ጻፍኩ። ዊዳድ የምትባል የኩታበር ልጅ «አይደለም» አለች። ምክንያት አልጻፈችም። ዜሮ ሰጠኋት። አዲስ አበባ ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት በነጻ የሚወስደው አንደኛ የወጣውን ብቻ ነበር፤ እሷ ሁለተኛ ወጣች።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ፣ ደሴ መብራትና ኔትወርክ አጥታ በነበረችበት ጊዜ፣ የምሠራው ሳጣ ማካፈሉን እንደገና ጀመርኩ። መብራቱ ሲመለስም በስልክ ማየቱ ኩረጃ መሰለኝ። የዚህ ቁጥር ብቸኛ አካፋይ ለ22 ሲካፈል 1 መትረፍ አለበት፤ ስለዚህ ብዙውን ዘለልኩ። እንዲያም ሆኖ የቀረው ከሁለት መቶ በላይ ነበር። አንዳንዱን ሳምንት እስክሪብቶ ሳላነሳ አልፋለሁ። ባለፈው ወር 21,649 ላይ ስደርስ ቀሪው ዜሮ ሆነ። ደስ አላለኝም። ሦስት ጊዜ ደገምኩት።

ዊዳድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ከምትሠራበት የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በር ወጣች። ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሯል።

«ቲቸር ወንድምአገኘሁ! በሰላም ነው? ሰው ሞተ እንዴ?»

«ማንም አልሞተም። ያ ቁጥር ብቸኛ አይደለም።»

የቱ ቁጥር ብላ አልጠየቀችኝም። ወረቀቱን ተቀብላ አጥሩን ተደገፈችና 21,649 በ513,239 የተባዛበትን መስመር በመስመር በጣቷ ተከተለች።

«ልክ ነው» አለች። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ! ስልክ የለዎትም እንዴ?»

«አለኝ።»

ሳቀች፤ ሳቋን ማዛጋት ቆረጠው። «እኔ እኮ ወላሂ በግምት ነው የጻፍኩት። ‹ነው ወይ› ብለው ሲጠይቁ ‹አይደለም› ይሻላል ብዬ። ምክንያት የሌለው መልስ ደግሞ ያው ዜሮ ነው፣ አይደል?»

«አዎ» ብል ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷም ወደ ቤቷ፣ እኔም ወደ ቤቴ።

«አይደለም» አልኳት። «መልሱ ሁለት፣ ምክንያቱ ሦስት ነጥብ ነበር የተመደበላቸው። ሁለት ይገባሽ ነበር።»

«በስንት ነበር የተበለጥኩት?»

«በአንድ።»

የሠራተኞቹ ሰርቪስ ጥሩምባ ነፋ። አንዷ በመስኮት «ዊዳድ፣ ጥለንሽ ልንሄድ ነው!» ብላ ጮኸች። ዊዳድ አልዞረችም። ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«አብሽሩ ቲቸር» አለች። «ለአባቴ ግን እንዳይነግሩብኝ። የአላህ ውሳኔ ነው ብሎ ነው እስከ ዛሬ የተቀመጠው።»

«አልነግረውም።»

ሰርቪሱ ላይ ወጣችና ግንባሯን መስተዋቱ ላይ አስደገፈች። ከመነሳቱ በፊት ዓይኖቿ ተከድነው ነበር። እኔም ወደ ደሴ የሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ለመሙላት ሦስት ሰው ይቀረው ነበር። ቁጭ ብዬ ጠበቅኩ።