ስምንተኛው ቦታ

የመኪና ውድድር ሜዳው ሠራተኛ መሰላል ላይ ወጥቶ የደረጃ ሰሌዳዎቹን ሲሰቅል፣ ሮይስ ፔንላንድ ከፒክአፑ ኋላ ተቀምጦ የቀኝ ትከሻውን ያሽ ነበር። ስምንተኛው ላይ የሚሰቀለው የእሱ ስም ነው፤ ዘጠነኛው ላይ የልጁ። ሁለቱም ሰሌዳዎች «ፔንላንድ» ስለሚሉ ሠራተኛው አቀያይሮ ሰቀላቸው፤ አወረዳቸውና እንደገና አቀያየራቸው። አጥሩን ተደግፈው የቆሙት ሰዎች ሳቁ። አንደኛው «ተወው ባክህ፣ አንድ ቤት ናቸው፣ እራት ላይ ይካፈሉታል» አለ። ሮይስ አልሳቀም።

የዓመቱ ነጥብ የሚዘጋው በዚያ የመስከረም ቅዳሜ ነበር። ከመጋቢት ጀምሮ በየሳምንቱ የተለቀመው ነጥብ ተደምሮ ስምንት ሰዎች ብቻ ጥቅምት ላይ ወደሚካሄደው የፍጻሜ ውድድር ያልፋሉ፤ የቀሩት መኪናቸውን ሸፍነው የሚመጣውን ዓመት ይጠብቃሉ። ሰባቱ ታውቀዋል። ለስምንተኛው ቦታ ሮይስ ልጁን ዴልሲን በአንድ ነጥብ ይበልጣታል። ነጥባቸው እኩል ከመጣ ግን በዓመቱ ውስጥ ውድድር ያሸነፈ ይቀድማል፤ እሷ ሐምሌ ላይ አንዱን አሸንፋለች፣ እሱ ዘንድሮ አንድም አልቀናውም። የሃርሞን ክሪክ ሰው ከጸጉር አስተካካዩ እስከ ፓስተሩ ድረስ ሂሳቡን ሠርቶ ጨርሶታል፤ በአንድ ደረጃ መቅደም አንድ ነጥብ ስለሆነ፣ ዛሬ ከሁለቱ ቀድሞ የገባው ያልፋል፣ ሌላው ይቀራል።

ሮይስ ሃምሳውን አልፏል። በጎልማሳነቱ ሁለት ጊዜ ለፍጻሜ ደርሶ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጁን ተመልሷል። ከዚያ ወዲህ ጥቅምት በመጣ ቁጥር ትኬት ቆርጦ፣ ከተመልካቹ መሃል ተቀምጦ የሌሎችን መኪና ሲያይ ኖሯል። ዘንድሮ ደግሞ ሐኪሙ ትከሻውን አገላብጦ ካየ በኋላ ከዚህ ዓመት በላይ መሪ እንዳይጨብጥ ነግሮታል። ይህን ከሚስቱ ከናዲን በቀር ማንም አያውቅም።

ከዴልሲ ጋር የተቀያየሙት የዓመቱ ውድድር ሳይጀመር፣ በብርዱ ወራት ነው። በጋራዡ ውስጥ ሁለት መኪና ነበረ፤ ደህና ሞተር ግን አንድ ብቻ። እሱ «አንድ ዓመት ታገሺ» አላት። እሷም ባለፈው ዓመት የተባለችው ይኸው ቃል እንደነበር አስታወሰችው። ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። የመፍቻ ሳጥኗን ተሸክማ ወጣች፤ በሳምንቱ ለጎማ ነጋዴው ለባክስተር ቡድን እንደምትነዳ ከሰው ሰማ። ከዚያ ጀምሮ በየቅዳሜው በአንድ ሜዳ ይገናኛሉ፤ ስለ አየሩ ያወራሉ፣ ስለ ትከሻው ትጠይቀዋለች፣ «ደህና ነው» ብሎ ይዋሻታል፣ ይለያያሉ። በሁለቱ መሃል የምትመላለሰው ናዲን ናት። የሳንድዊች ሳጥኗን አንጠልጥላ መጀመሪያ ለአንዱ ቀጥሎ ለሌላው ታድላለች። ያን ዕለት ቁጥርም ስምም የሌለው ነጭ ሸሚዝ ለብሳ መጣች። ማንን እንደምትደግፍ ለጠየቋት ሁሉ መልሷ አንድ ነበር፦ «አንዱን አግብቼዋለሁ፣ አንዷን ወልጃታለሁ፤ እስቲ እናንተ ምረጡልኝ።»

ፀሐይ ከትንባሆ ማሳው ባሻገር ስታዘቀዝቅ ሞተሮቹ ተነሱ። ሮይስ ቀበቶውን ሲያጠብቅ ሆይት በመስኮቱ አንገቱን አስገባ። ሆይት የልጅነት ጓደኛው ነው፤ በውድድር ቀን የተመልካቹ መቀመጫ ጣሪያ ላይ ቆሞ፣ ሹፌሩ የማያየውን በርቀት ማያ መነጽር እያየ በሬዲዮ ይነግረዋል።

«ስማኝ» አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «መንገድ ላይ ካገኘሃት፣ ልጄ ናት የምትለውን ነገር እዚህ ትተኸው ግባ። እሷ ትታህ ስትሄድ ዞር ብላ አላየችህም።»

ሮይስ የራስ ቁሩን አጠለቀ።

ውድድሩ ለረጅም ጊዜ ለእሱ አደላ። መኪናዋ ታዛዥ ነበረች። ኩርባዎቹን ዝቅ ብሎ፣ የውስጡን ጠርዝ እንደ ክር ተከትሎ ዞራቸው። ስድስተኛ ሆኖ መሃሉን አለፈ፤ ዴልሲ አራት መኪና ያህል ከኋላው ነበረች። ትከሻው በእያንዳንዱ ኩርባ ይጠዘጥዘው ጀመር፤ ሕመሙን ግን ከሞተሩ ጩኸት ጋር አዳብሎ ረሳው። ጥቅምትን ማሰብ ጀመረ። የፍጻሜው ሜዳ፣ የስም ጥሪው፣ ናዲን ከአጥሩ ጀርባ። ወዲያው ራሱን ገሠጸ፤ ገና ያልበሰለ ወጥ ቀምሶ ምላሱን ያቃጠለ ብዙ ሰው አይቷል።

ሊጠናቀቅ አሥር ዙር ሲቀረው የአንድ ሌላ ተወዳዳሪ ጎማ ፈንድቶ መኪናው ከግንቡ ተላተመ፤ ቢጫ ባንዲራ ወጣ። ስባሪው እስኪጠረግ መኪናዎቹ ተራ በተራ ተጠጋግተው በዝግታ ዞሩ። ያተረፈው ርቀት ሁሉ በዚያች ቅጽበት ተሰረዘ። በመስተዋቱ ሲመለከት የባክስተር ቢጫ መኪና ከኋላው ተከትላዋለች። ዴልሲ ከፊቷ የነበሩትን አንድ በአንድ አልፋ ደርሳበታለች። ሮይስ መንጋጋውን ነከሰ። የቆጨው ግን መድረሷ ብቻ አልነበረም፤ እንዴት አድርጋ እንዳለፈቻቸው አለማየቱም ነበር።

ውድድሩ እንዲቀጥል አረንጓዴው ባንዲራ ሲውለበለብ እሱ ውስጡን ያዘ፣ እሷ ውጭውን። ዙር በዙር፣ በር ለበር ሆነው ተጓዙ። በሃርሞን ክሪክ በውጭ በኩል ማንም ማንንም አያልፍም፤ ያ መንገድ ረጅም ነው፣ አስፋልቱም ያንሸራትታል። ይህን ያስተማራትም ራሱ ሮይስ ነው። እሷ ግን በየዙሩ አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ትገፋለች።

በመጨረሻው ዙር፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ ሁለቱም ፍሬን ሳይነኩ ገቡ። የሮይስ መኪና ጎማዋ አልቆ ነበርና ወደ ውጭ መሸሽ ጀመረች። ውጭ ያለችው ዴልሲ ነች፤ ከዴልሲ ወዲያ ግንቡ ነው። ሆይት በሬዲዮው «መኪናህን ልቀቃት፣ ወደ ውጭ ትሂድ» አለ። ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም ነበር። መሪውን ትንሽ ላላ ቢያደርገው መኪናዋ ራሷ ቢጫዋን ከግንቡ ታጣብቃታለች፤ ማንም ሆነ ብሎ ነው አይልም። ሮይስ መሪውን በሁለት እጁ ወደ ግራ ጎትቶ ያዘ። ትከሻው ውስጥ አንድ ነገር የተቀደደ መሰለው። እግሩ ነዳጁን እንደረገጠ፣ መኪናዋን መንገዷ ላይ አቆያት። በሁለቱ መሃል የእጅ መዳፍ የምታህል ክፍተት ቀረች፤ ያችን ክፍተት ጠብቀው ጎን ለጎን ተፈትልከው ወጡ፤ መስመሩ ላይ ሲደርሱ የቢጫዋ አፍንጫ ቀድሞ ነበር።

ሰሌዳዎቹ ተቀያየሩ። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው አልተሳሳተም።

ሮይስ ከመኪናው ወርዶ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ሰዎች እያለፉ ጀርባውን መታ መታ ያደርጉታል፤ አንዳንዶቹ ይጠቅሱታል። ደግ አባት ነህ የሚል ጥቅሻ ነው። ያ ጥቅሻ ከመሸነፉ ይልቅ አመመው። ሆይት ከጣሪያው ወርዶ መጣና፣ ሰው ሁሉ ለቀቀላት እያለ መሆኑን አቀርቅሮ ነገረው።

ዴልሲም ሰምታለች። ላቧ ሳይደርቅ፣ ደስታ በሌለው ፊት ከባክስተር ሰዎች መሃል ወጥታ መጣች፤ ሆይት ገለል አለላቸው።

«እውነቱን ንገረኝ፣ አባዬ» አለችው። «ለቀቅክልኝ?»

«አይ።»

«ከግንቡ ልታጣብቀኝ ትችል ነበር።»

«እችል ነበር። መኪናዋ ወደዚያው ነበር የምትሄደው፤ ይዣት ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ትይዛት ነበር ወይ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ አላውቅም። እግሬን ግን ከነዳጁ አላነሳሁም፣ ልጄ። አንዴም።»

ቀኝ እጁን ሊዘረጋላት ሞከረ። ክንዱ ከወገቡ በላይ አልነሳ አለው፤ በግራው ደገፈው። ዴልሲ እጁን አየች፣ ቀጥሎ ትከሻውን። የዓመቱን ሙሉ «ደህና ነው» አሁን ገባት። ከአጠገቡ ጎማው ላይ ተቀመጠች። የመጣችበት ጥርጣሬ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ለቀቀ፤ በቦታው የመጣው ፈገግታ የሕፃንነቷ ነበር።

«ጣሪያ ላይ የቆመልኝ የባክስተር አማች ነው» አለች በመጨረሻ። «እንደ ትንባሆ ጨረታ አጫራች ሳይተነፍስ ነው የሚያወራው። እሱን ሰምቼ ብነዳ ኖሮ እስካሁን ሆስፒታል ነበርኩ። ጥቅምት ላይ አንተ ውጣልኝ።»

«ቢጫ ሸሚዝ ልታለብሺኝ?»

«ሸሚዙን ለኔ ተወው።»

ላስብበት አላት። አባቷ «ላስብበት» ሲል እሺ ማለቱ እንደሆነ ስለምታውቅ ቅር ሳትሰኝ ሳቀች። የስምንቱ ስም ለፎቶግራፍ ሲጠራ ተነስታ ሮጠች፤ መንገድ ላይ ናዲን ተቀብላ አቀፈቻት።

ሮይስ ሰው እስኪቀንስ ጠበቀና በተመልካቹ መቀመጫ ደረጃ ቀስ እያለ ወጣ። ትከሻውን ደግፎ፣ አንድ ሁለት ጊዜ እያረፈ እስከ ጣሪያው ድረስ። ዕድሜውን ሙሉ በዚህ ሜዳ ሲዞር ከላይ ሆኖ አይቶት አያውቅም። ሰማዩ ገና ቀይ ነበር። ሜዳው ከጠበቀው በላይ ትንሽ ነው፤ ሁሉ የሚሽከረከርበት የውስጡ መንገድ ጎማ ጠጥቶ ጥቁር ሆኗል። የመጨረሻው ኩርባ ላይ ግን፣ ከግንቡ ሥር፣ ነጣ ባለው አስፋልት ላይ የቢጫዋ ጎማ ያተመው አንድ አዲስ ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ቀጭን ነው፣ ግን የትም አይቋረጥም። ሮይስ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ፣ መስመሩ የት እንደሚጀምርና ዴልሲ ከኩርባው ስትወጣ መሪውን የት እንዳቀናች በዓይኑ ተከተለ። ትንሽ ቀደም ብላ ብታቀናው ኖሮ ይበልጥ ትፈጥን ነበር፣ አለ በልቡ።

ሆይት ከታች ዕቃ እየጫነ ነበር። ሮይስ በጣሪያው ጠርዝ ቆሞ ጠራው።

«ሆይት፣ መነጽርህን ይዘህልኝ ና።»