የተጨበጡ እጆች

የፋብሪካችንን የልግስና ሥርዓት ያቆሙልን ዶን ኤሌውቴሪዮ ሳንዌሳ፣ ዶኛ ሱኒልዳ ኦያርሴና ባሕር ያስቀረው ዶን ፍሮይላን ናቸው። ሦስቱም ከፊደል ብዙ አልቆጠሩም፤ የሰውን ክብር መጠበቅ ግን ያውቁበት ነበር። በታልካዋኖ ወደብ ሰው ሲታመም ወይም ጀልባ ሲሰጥም፣ በእኛ በዓሣ አሻጊዎቹ መካከል የዱቄት ከረጢት ይዞራል። ያለውም የሌለውም የተጨበጠ እጁን እስከ ክርኑ ያስገባል፤ ዘርግቶ ያወጣል። ማን ምን እንደ ጣለ አይታይም፤ አይጠየቅምም። ባዶ ጭብጥ ያስገባም ከጎረቤቱ እኩል ቀና ብሎ ይሄዳል። እኔም የመስመር ኃላፊ ሆኜ ስሾም ይህን ሥርዓት ተረከብሁ።

ባለፈው የሰርዲን ወቅት የሠራተኛ አስተዳዳሪ ሆኖ የመጣው ወጣቱ ማቲያስ ኢቱራ ግን ከረጢቱን አስነሣ። ዋናው መሥሪያ ቤት ለሕፃናት ሆስፒታል እርዳታ እንዲሰበሰብ አዝዞ፣ አንደኛ የሚወጣውን ፋብሪካ እንደሚያመሰግን አስታውቆ ነበር። ስለዚህ ማቲያስ አፈ ሰፊ የመስታወት ማሰሮ በበሩ አጠገብ አስቀመጠ፤ የሰጠ ሁሉ ደረቱ ላይ ቢጫ ጥብጣብ እንዲሰካ አዘዘ። ጥብጣብ የሌለው ለሚቀጥለው ወቅት ውል እንዳይጠብቅም በየጆሮው አስሾከሾከ።

ከአሻጊዎቹ አንዷ፣ ቀልደኛዋ ኖልፋ፣ ማሰሮውን ዞራ አየችና፣ “ዓሣ ሊያረባበት ነው እንዴ? እኛ እኮ ዓሣ አንገሽግሾናል” አለች። ሁላችንም ሳቅን፤ ግን እኔም ሳልቀር እየተሰለፍን ሰጠን።

ከእኛው ጋር ዓሣ የምታሽገው ዶኛ ኤርሚንዳ ካትሪሌዎ በዚያው ሰሞን ባሏን ቀብራ ነበር። ተራዋ ሲደርስ፣ እንደ ለመደችው ጭብጧን አስገብታ ዘረጋች። በመስታወቱ ውስጥ ባዶ መዳፏ ለሁሉም ታየ።

ማቲያስ በሰው ፊት፣ “በታመሙ ሕፃናት ላይ ነው እንዴ የሚያላግጡት?” አላት።

እርሷም ሽርጧን ፈትታ፣ አጣጥፋ አስቀምጣ ወጣች። በማግስቱ ውሏ እንደማይታደስ በዘበኛው በኩል አስነገራት። በወደባችን ደግሞ የመበለት እንጀራ ከዚህ ፋብሪካ ውጭ የለም።

ቢሮው ገብቼ፣ ሳልቀመጥ፣ ሥርዓታችንን አስረዳሁት። የንፉግ መደበቂያ ነው አለኝ።

“ዶን፣ ለሆስፒታሉ ባዶ ጭብጥ ምን ይረባዋል?”

“ለሆስፒታሉ ምንም። ለእርሷ ግን በሰው መካከል መቆሚያዋ ነበር። እሱን ነው የነሣሃት።”

ሥራ እንዳለበት ነግሮ አሰናበተኝ።

ቅዳሜ ለሆስፒታሉ የተያዘው ሁለተኛ ዙር መዋጮ ደረሰ። ማቲያስ ከማሰሮው አጠገብ ቆሟል። ጥብጣቤን ነቅዬ፣ ጭብጤን አስገብቼ፣ ባዶውን ዘረጋሁ። ኖልፋ ተከተለችኝ።

“የእኔም እንደ ዶኛ ኤርሚንዳ ነው። ውሌን አብረህ ቅደደው፣ የኔ ጌታ” አለችው።

ሌሎቹም ተከተሉ። በጨው የተሰነጣጠቁ፣ በቢላ የተተለተሉ መዳፎች ተራ በተራ በመስታወቱ ውስጥ ጎልተው ይዘረጋሉ፤ ባዷቸውን ይወጣሉ። ወጣቱ በመጀመሪያ በቁጣ ይመለከት ነበር፤ ኋላ አንገቱን ደፋ።

አመሻሹ ላይ ዶኛ ኤርሚንዳ ቤት እንዳደርሰው ጠየቀኝ። በአደባባይ የተዋረደ ሰው በጓዳ አይካስም አልሁት።

ሰኞ ጠዋት በእኔ በኩል አስጠራት። የማሸጊያ ማሽኖቹ ከመነሣታቸው በፊት በሁላችንም ፊት ቆሞ፣ ውሏ እንደ ታደሰ ተናገረ። ከዚያም ወደ እርሷ ዞረ።

“ዶኛ ኤርሚንዳ፣ ያዋረድኩዎት እዚሁ ነው፤ ይቅርታም የምጠይቅዎ እዚሁ ነው። ተሳስቻለሁ። የቸኮልኩት አለቆቼ እንዲያመሰግኑኝ ነው እንጂ፣ ሕፃናቱንማ አላሰብኳቸውም።”