ሸክም ይዟል፣ ይለፍ

ሙሉጌታ ሬዲዮ ጠጋኝ ነው። ሱቁ ከጀጎል ግንብ በሸዋ በር ገባ ብሎ፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን በማይሄድበት ጠባብ መንገድ ላይ ነው። በ1979 ዓ.ም. አንድ ሾፌር ወዳጁ ከጅቡቲ የቴሌቪዥን ጨዋታ አመጣለት። በጨዋታው ኮከብ ላይ የጠፋ ሰው ወደ አገሩ የሚመልሰውን መንኮራኩር ፍለጋ በብረት ከተማ ውስጥ ይንከራተታል። ባለ አንድ ዓይን አውሬዎች ይገጥሙታል። ተጫዋቹ በእጀታ ይመራዋል፣ በቀይ ቁልፍ ያስተኩሰዋል።

ወሬው በሳምንት ጊደር መጋላ ገበያ ደረሰ። ግማሹ ሰው «ድንቅ ነው» አለ። ግማሹ «ተኩስ ማስተማሪያ ነው» ብሎ ለቀበሌ ከሰሰ። ቀበሌው አይተው የሚፈርዱ ሦስት ሰዎች መረጠ። ጎጂ ነው ካሉ መሣሪያው ይወረሳል፣ ሱቁም ይታሸጋል። ሙሉጌታ ከዚያ ሱቅ ሌላ መተዳደሪያ አልነበረውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ መጡ፤ ከፍርድ ቤት መዝገብ ቤት በጡረታ የወጡት አቶ አባይነህ፣ ከሴቶች ማኅበር ወይዘሮ ገላነሽ፣ እህል ነጋዴው ዓብዱላሂ። ሙሉጌታ ወንበር አቀረበላቸው። ቴሌቪዥኑን ከፈተ።

ዓብዱላሂ ጀመረ። ሦስት ገደለ፣ በአራተኛው ተበላ።

«ወላሂ ግሩም ነገር ነው!» አለ። «አንድ ክፋት አለው። አውሬዎቹ ተኩስ ሲሰሙ ከየጥጉ ይወጣሉ።»

ወይዘሮ ገላነሽ ወዲያው ተበሉ።

«ቀለሙ ያምራል» አሉ እጀታውን እየመለሱ። «ታሪኩ ግን ምንድን ነው? መግደል፣ መሞት፣ እንደገና መጀመር። ይሄ ሰውዬ ወጥቶ ሲቀር የሚፈልገው ዘመድ የለውም? እኔ አልፈቅድም።»

አንድ ለአንድ ሆነ። የቀሩት አቶ አባይነህ ናቸው። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ሲያገላብጡ ጥርሳቸውን ያየ ሰው የለም።

መነጽራቸውን አጠለቁ። እጀታውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰውየውን ቀስ ብለው ወደ ጠባቡ መተላለፊያ አስገቡት። ከወዲያ አንድ አውሬ ሣጥን ተሸክሞ መጣ።

«ይተኩሱ ጋሼ! ቀዩን!» አለ ዓብዱላሂ።

አቶ አባይነህ ሰውየውን ግድግዳው ጥግ ለጥፈው አቆሙት።

«ምን እያደረጉ ነው?»

«ሸክም ይዟል። ይለፍ።»

አርባ ዓመት ጀጎል ውስጥ ኖረዋል። እዚያ ባዶ እጁን የሚሄድ ሰው ለባለ ሸክም ግድግዳ ይጠጋል። እጃቸው ያደረገው ይህንኑ ነው።

«አውሬ እኮ ነው!»

«ይሁና።»

አውሬው ዞር ብሎ እንኳ ሳያይ አለፈ። ሙሉጌታ አፉን ከፈተ። ጨዋታው እንዲህ እንደሚያሳልፍ እሱም አያውቅም ነበር። ሁለተኛው መጣ፣ አለፈ። ሦስተኛውም አለፈ።

«ሰላምታም ይስጧቸው እንጂ!» አለ ዓብዱላሂ እየሳቀ።

ወይዘሮ ገላነሽ ወንበራቸውን ወደፊት ሳቡ። «በግራ! በግራ በኩል ጥግ አለ፣ እዚያ ይግቡ!»

አንድ በር ተከፈተ። ማንም ያላየው አረንጓዴ ግቢ ወጣ፤ መንኮራኩሩም ከሩቅ ታየ። ያኔ ምንም ያልያዘ አውሬ በፊት ለፊት መጥቶ ሰውየውን በላው።

አቶ አባይነህ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄኛው ባዶ እጁን ነበር። ባለጌ ነው።»

ወረቀት ጠይቀው ቆመው ጻፉ፤ «ድምፁ ያደነቁራል። አውሬዎቹ ሁሉ አንድ መልክ ናቸው። ተኩስ አለበት፣ ሳይተኩሱም ይኬድበታል። መንገድ ለሚለቅ መንገድ ይሰጣል። ይፈቀድ።»

ዓብዱላሂ ፈረመ። ወይዘሮ ገላነሽ ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ድምፁ ይቀነስ የሚል ይጨምሩበት» አሉ። ተጨመረ። ፈረሙ።

ሙሉጌታ ወረቀቱን ተቀብሎ ደረቱ ላይ ያዘው። አመሰግናለሁ ሊል ሲል ወይዘሮ ገላነሽ እጀታውን ከጠረጴዛው ላይ አነሱ።

«ይቀመጡ አቶ አባይነህ» አሉ። «ያንን ባለጌ እኔ አሳየዋለሁ።»

ሙሉጌታ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀነሰ።