የአሥራ አንድ እርምጃ ኢሜይል

የክሊኒኩ የኮምፒውተር ባለሙያ ነኝ። ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም፤ ይኸንን ቀድሜ ልናገር።

ላብራቶሪውና የዶክተሯ ክፍል አንድ ኮሪደር ላይ ናቸው። ከበር እስከ በር አሥራ አንድ እርምጃ ነው፤ ንዴቴን ለማብረድ ስመላለስ ቆጥሬዋለሁ። መሃል ላይ ባለው አግዳሚ ወንበር አጎቴ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ላይ የወጣው እብጠት ካንሰር ይሁን አይሁን የሚናገረው ውጤት ላብራቶሪው ውስጥ ካለቀ ዘጠኝ ቀኑ ነው። ዶክተሯ ግን እስካሁን አላየችውም። ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ ደግሞ የወር ፈቃድ ትወጣለች።

ነገሩ የመጣው ከደንብ ነው። ባለፈው ወር የአንዱ ውጤት በስህተት ሌላው እጅ ገባና የላብራቶሪው ኃላፊ ተባረረ። አስተዳደሩ ደንግጦ አዋጅ አወጣ፦ ውጤት በቃል አይነገር፣ በወረቀት አይውጣ፣ ካልተመሰጠረ ኢሜይል አይላክ። ላኪው ቆልፎ ይሰዳል፣ ተቀባዩ ብቻ ይከፍታል ማለት ነው። እኔም በስብሰባው ላይ አጨብጭቤ ነበር፤ ያኔ እጄን በቆረጠው።

አዲሱ ኃላፊ አንድ ፕሮግራም ጫነ፣ ዶክተሯ ሌላ። ሁለቱ አይተዋወቁም። እሱ የላከው እሷ ጋ ሲደርስ አራት ገጽ ዝባዝንኬ ነው። አንዱን ምረጡ ብላቸው ሁለቱም ፕሮግራማቸው የተፈቀደበትን ደብዳቤ አወጡ፤ እሱ ለራሱ፣ እሷ ለራሷ። እሺ፣ የይለፍ ቃሉን ላክላትና እኔ እከፍትላታለሁ አልኩት። ላከ። አልተከፈተም። ባየው፣ የይለፍ ቃሉንም ቆልፎታል፤ በዚያው በይለፍ ቃሉ። ደንብ ነው አለኝ፣ ፊቱን ቅጭም አድርጎ። እሷ ደግሞ አልተከፈተልኝም ብላ ጻፈችለት፤ እሷም ቆልፋ። እሱ ምን እንደሚል ማንበብ ባይችልም መልስ በመምጣቱ ብቻ ደርሷታል ብሎ ጉዳዩን ዘጋው።

ዛሬ አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አጎቴ አጠገብ ዘፍ አልኩ። ጋሼ፣ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖብናል አልኳቸው። አጎቴ አርባ ዓመት ፖስተኛ ነበሩ። ጽሑፉ አሁን የሚነበበው የት ነው ብለው ጠየቁኝ። ኃላፊው ላፕቶፕ ላይ ብቻ፣ ላብራቶሪው ደግሞ ለሌላ ሰው አይከፈትም አልኩ። ደንቡ ላይ ላፕቶፑ አይሂድ የሚል አለ ወይ አሉ።

ኃላፊውን በር ላይ ጠርተን ደንቡን ሦስታችን ሆነን አነበብነው። የለም። ኃላፊው ብዙ አሰበ። እሱ ተረኛ ስለሆነ ላብራቶሪውን ጥሎ አይወጣም። እኔ የጤና ባለሙያ ስላልሆንኩ አልነካም። ይዞ መሄድ የሚችለው የውጤቱ ባለቤት፣ ማለትም ታካሚው ብቻ ነው ብሎ ወሰነ። አስፈረማቸውና ላፕቶፑን አሸከማቸው። ከተዘጋ ተመልሶ ስለሚቆለፍ፣ ውጤቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ሰጣቸው።

አጎቴ ስክሪኑን ከፊታቸው አዙረው፣ ዓይናቸውን በሩ ላይ ተክለው መራመድ ጀመሩ። ስድስተኛው እርምጃ ላይ አላስችለኝ አለ።

“ጋሼ፣ ይዩት እንጂ። የእርስዎ እኮ ነው።”

“የተጻፈው ለሐኪሟ ነው” አሉ ሳይቆሙ። “አርባ ዓመት የሰው ደብዳቤ ተሸክሜ ሰርቄ አላየሁም። ዛሬ በስተርጅና ልጀምር?”

ከኋላ ከኋላቸው ተከተልኳቸው።

ዶክተሯ ቦርሳዋን አንግታ ልትወጣ ስትል ደረስን። ቆማ አነበበች። ልትናገር ከንፈሯን ከፈተችና ደንቡ ትዝ ሲላት መልሳ ገጠመችው። በቃል አይነገርም። አንቄ ላናግራት ምንም አልቀረኝም። እሷ ግን ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወደ አጎቴ አዞረችው።

“አባባ፣ አሁን ለእርስዎ ነው። ያንብቡት።”

አጎቴ መነጽራቸውን አወጡ። በጣታቸው እየተከተሉ ከላይ ጀምረው አነበቡ፤ ስማቸውን፣ ቀኑን፣ የናሙናውን ቁጥር፣ ምንም ሳይዘሉ። የመጨረሻው መስመር የካንሰር ምልክት አልታየም ይላል። እሱን ሁለቴ አነበቡት። መነጽራቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ፤ ከሌላው ኪስ እስክሪብቶና አንዲት ቁራጭ ወረቀት አውጥተው ለዶክተሯ ዘረጉላት።

“መረከብሽን ፈርሚልኝ፣ ልጄ።”

እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።