አራት ጣት ወደ ፊት

ቪዳ ጠዋት ወደ ወርክሾፑ ስትገባ መጀመሪያ ምድጃውን ታቀጣጥላለች። ሙጫ ብርድ አይወድም። እሳቱ ሲይዝላት የመጭመቂያውን ማሽን ታሞቃለች፣ ሬዲዮኑን ትከፍታለች፣ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ቆማ የአሳማ ሞራ የተቀባ ዳቦዋን ትበላለች። ከመስኮቱ ጎን ባለች ሚስማር ላይ ሁለት የእንጨት መለኪያዎች ተሰቅለዋል፤ አንዱ ከእጅ ብዛት የጠቆረ፣ ሌላው ገና ነጭ። ከበሩ ኋላ ደግሞ በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱበት፣ የጫማ መቆንጠጫ ያልተገጠመለት አንድ ጥንድ ስኪ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ባለፈው የበረዶ ወቅት ለእሷ የተሠራ ነው። ወለሉን ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች እንጂ አታነሳውም።

ያን ቀንም እንዲሁ አደረገች። ሌሊቱን ሲጥል ያደረው በረዶ ከቦሂን ሐይቅ በላይ ያሉትን ጥዶች እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። ከጎረቤት ግቢ የአሳማ ጩኸት ተሰማ። ረዘመ፤ ከዚያ ተቋረጠ። የእርድ ሰሞን ነው። የመንደሩ አራጅ ዋርሳዋ ስታኔ ነው። ሌላ ጊዜ እዚሁ ወርክሾፕ ውስጥ ስኪ ይበሳል፣ መቆንጠጫ ይገጥማል፤ የእርድ ቀን ግን እስኪመሽ ከደምና ከፍል ውሃ አይላቀቅም። ቪዳ ክሌመንን ዛሬ ና ያለችው ይህንኑ አስባ ነው።

ክሌመን ገብቶ ከበሩ ሳይርቅ ቆመ። የወርክሾፑን ስኪዎች የሚነድፈው እሱ ነበር። የቪዳ ባል ሎይዜ ከተቀበረ ወዲህ ግን ይህን ደፍ ረግጦ አያውቅም፤ ታች ከተማ ወርዶ የወጥ ቤት ቁም ሳጥን የሚሠራ ፋብሪካ ገብቷል።

"ቁጭ በል እንጂ።"

"ቆሜ ይሻለኛል። ስታኔስ?"

"አሳማ እያረደ ነው።"

"ካየኝ ከአሳማው ቀጥሎ ተረኛው እኔ ነኝ።"

"አይዞህ፤ ካንተ ምን ቋሊማ ይወጣል?"

ክሌመን ሊስቅ ሞከረና ተወው። "ለምን ጠራሽኝ ቪዳ?"

"የዱቄት በረዶውን ስኪ ደግሜ ልሠራው አስቤያለሁ።"

"ሰው የገደለውን?"

"መግደሉን ልወቅ። የገደለው ያንተ ንድፍ ከሆነ ቅርጽ ማውጫውን ዛሬውኑ ምድጃ ውስጥ እከተዋለሁ። ካልሆነ ግን ሎይዜ መጨረሻ በእጁ የሠራው እሱ ነው። አላነደውም።"

ክሌመን በጠረጴዛው ላይ ወደ ተጋደመው የእንጨት ቅርጽ ማውጫ ሄደና በመዳፉ ዳበሰው። እሱና ሎይዜ በዚህ ቅርጽ ላይ ስንት ተጨቃጭቀዋል! በተጠቀጠቀ በረዶ ላይ ስኪ ቢላዋ ነው፤ ቀጭን ሆኖ ጠርዙ ይነክሳል። አዲስ በወደቀ፣ እንደ ዱቄት በላላ በረዶ ላይ ግን የሚነከስ ነገር የለም፤ ስኪው ጀልባ መሆን አለበት። ስለዚህ ክሌመን የስኪውን የፊት ጫፍ፣ አፍንጫውን፣ አስፍቶ ገና ከሩቁ ወደ ላይ ቀለበሰው። ጭራውን ደግሞ አጠበበው፣ አሳጠረውም፤ ጭራው ትንሽ ሰመጥ ሲል አፍንጫው እንዲንሳፈፍ። ከእግር ሥር ያለውን አደነደነና ጫፎቹን አለሳለሰ። በዚህ ስኪ የሚወርድ ሰው ከበረዶው ጋር አይታገልም፤ ተረከዙን ገፋ ሲያደርግ፣ ቅቤ ዳቦ ላይ እንደሚቀባ ወደ ጎን ይፈስለታል። ጠንካራ መንገድ ላይ ሲደርስ ግን ይንቀጠቀጣል፣ ይንኳኳል። ስታኔ "የጎተራ በር" ብሎ ስም አውጥቶለት ነበር።

"ከኋላው ነበርክ" አለች ቪዳ። "ምን አየህ?"

"ለተራራው ነፍስ አዳኞች ተናግሬያለሁ።"

"ለእኔ አልተናገርክም።"

ክሌመን ዓይኑን ከቅርጽ ማውጫው ላይ አላነሳም። "ከጥዶቹ በላይ ቆመን ነበር። 'ቶሎ በል፣ በረዶ አይጠብቅም' አለኝ፤ ታውቂው የለ? ቀድሞኝ ገባ። ሁለት ጊዜ ታጠፈ። ከዚያ የስኪዎቹ አፍንጫ ጠፋ። ከሥር ሰው ይዞ የጎተተው ነው የሚመስለው። በአናቱ ተገለበጠ። ከዚያ በኋላ ዓለቱ ነው።"

ቪዳ የምድጃውን በር ከፍታ አንድ ፍልጥ ጨመረች። የሚጨመር ግን አልነበረም፤ እሳቱ በቂ ነበር።

"እኔ እኮ በዚያው በረዶ፣ በዚያው ስኪ ነው የወረድኩት" አለ ክሌመን። "የእኔ ተንሳፈፈ። እሱ ከበድ ስለሚል ይሆን? አፍንጫውን ከልኩ በላይ አለስልሼው ይሆን? የሰው ቁም ሳጥን መሳቢያ እየሠራሁ የማሰላው ይህንኑ ነው። ስኪዎቹ አሉ?"

"ጣሪያ ሥር ናቸው፤ በመጡበት ከረጢት። ከነፍስ አዳኞቹ ጋር ወጥቶ ከተራራው ያወረዳቸው ስታኔ ነው። 'አትክፈቺው፣ ያምሻል' አለኝ። እኔም አልከፈትኩትም።"

"ልያቸው።"

ቪዳ መሰላሉን አቆመችና ወጣች። ከረጢቱን ከአቧራው ስታላቅቅ በሩ ከነማጠፊያው እስኪናጋ ተበረገደ።

ስታኔ አሳማውን ከእነ ሆድ ዕቃው ጥሎ ነው የመጣው። የላስቲክ ሽርጡን አላወለቀም። ክንዱ እስከ ክርኑ ደም ነው፤ በእጁ አጥንት የሚሰብርበትን መጥረቢያ ይዟል።

"መኪናህን አየኋት" አለ። "ደግሞ ማንን ልትቀብር መጣህ፣ ኢንጂነር?"

"ጋሽ ስታኔ፣ እኔ የመጣሁት..."

ቡጢው አፉ ላይ አረፈ። ክሌመን ወደ ኋላ ተወርውሮ ጀርባው ከጠረጴዛው ጠርዝ ጋር ተጋጨና ወደቀ። ስታኔ ደረሰበት፤ በቦት ጫማው ጎኑን ረገጠው፣ ደገመው። ክሌመን እንደ ትል ተጠቀለለ፤ ከአፉ ደምና የጥርስ ስባሪ ተፋ።

"የወንድሜን ጭንቅላት በኮፍያዬ ያቀፍኩት እኔ ነኝ! አንተ የት ነበርክ? እርዳታ ልጥራ ብለህ ስልክ ላይ!"

"ተወው!" አለች ቪዳ ከላይ።

ስታኔ አልሰማትም። መጥረቢያውን አንስቶ ቅርጽ ማውጫው ላይ አወረደው። እንጨቱ ጮኸ፤ ስንጥሩ ተፈናጥሮ የመስኮቱን መስታወት መታው። መጥረቢያውን ነቅሎ ደግሞ አወረደው። ሦስተኛውን ሊሰነዝር ቀና ሲል ቪዳ የያዘችውን ከረጢት አየ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

"እሱን ወዲህ በይ።"

"ለምን?"

"ላቃጥለዋ! የሞተ ሰው ዕቃ ለምን ትጎረጉሪያለሽ?"

"የባሌ ነው። ልየው።"

"ስጪኝ አልኩሽ፣ አንቺ ሴት!"

ቪዳ ከፍርሃቷ ይልቅ መገረሟ በለጠ። ስኪውን የሚጠላ ሰው ቅርጽ ማውጫውን ፈልጦ ሳይጨርስ እንዴት ይተወዋል? ስታኔ መሰላሉን በሁለት እጁ ይዞ ነቀነቀው። ወደቀች። ትከሻዋ ከወለሉ ጋር ሲጋጭ አንዳች ነገር ቀጭ ሲል ተሰማት። ከረጢቱን ግን አለቀቀችም። በአንድ ጫፍ ይዞ ሲስባት አብራ ተጎተተች፤ በመጋዝ ብናኙ ላይ ፊቷ እየታሸ ተጎተተች። ያን ጊዜ ክሌመን ተንገዳግዶ ተነሳና የስኪ ማጣበቂያ ብረት አንስቶ የስታኔን ጀርባ መታው። ስታኔ በጉልበቱ ወረደ። የከረጢቱ ዚፕ ተተረተረ።

ስኪዎቹ ወለሉ ላይ ተዘረገፉ። የአንዱ አፍንጫ ተሰብሯል፤ ሌላው ደህና ነው።

ቪዳ ደህናውን በጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። የሚያማት ስብራቱን ማየት መስሏት ነበር። ዓይኗ ግን የሄደው መቆንጠጫው ላይ ነው። የሆነ ነገር ልክ አይደለም። ስኪውን አየችው፤ ከበሩ ኋላ የቆመውን፣ በዚያው ቅርጽ የተሠራውን የራሷን አየች። ከዚያ ተነስታ ጥቁሩን የድሮ መለኪያ ከሚስማሩ አወረደች።

በዚህ ቤት የጫማ ቦታ የሚለካው ከጭራ ነው። አፍንጫ በእጅ ስለሚሞረድ አንዱ ከሌላው እኩል አይሆንም፤ ጭራ ግን በመጋዝ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጣል። የመለኪያውን መንጠቆ ጭራው ላይ አሳካችው። መርፌው የመቆንጠጫው መሐል ላይ ቁጭ አለ። አላለፈም፣ አላነሰም። ቀጥላ ክሌመን ለአዲሱ ስኪ የሠራውን ነጩን መለኪያ አሳካች። መርፌው ከመቆንጠጫው ወደ ኋላ ቀረ። ጣቶቿን በመሐሉ አስገባች።

"አራት ጣት" አለ ክሌመን። ደሙ በአገጩ ይወርዳል። "ጭራውን እኮ አሳጥሬዋለሁ! በድሮው ከተለካ አራት ጣት ወደ ፊት ነው የሚያቆመው። ጀልባ አፍንጫ ላይ ሰው ታስቀምጣለህ? ይደፋል እንጂ ሌላ ምን ይሆናል?"

 ሬዲዮኑ አኮርዲዮን ይጫወታል።

"የእኔን ራሴ ነበር የበሳሁት" አለ ክሌመን፣ ለራሱ እንደሚናገር። "በነጩ።"

ስታኔ እንደተንበረከከ ቀረ። "ጠዋት ነበር" አለ። "'ቶሎ በል ስታኔ፣ በረዶ አይጠብቅም' አለኝ። ቀና ብዬ አላየሁም። ከጎረምሳነቴ ጀምሮ ይቺ እጄ ወደዚያች ሚስማር ሄዳ የምታነሳው ጥቁሩን ነው።"

"መቼ አወቅክ?" አለች ቪዳ።

"ተሸክሜው ስወርድ። ስኪው ዓይኔ ሥር ነበር።"

"ዓመት ሙሉ!" ክሌመን ዘለለበት። "ዓመት ሙሉ ነፍሰ ገዳይ አድርገኸኝ! እናቴ ቤተ ክርስቲያን መሄድ እስክትተው!" በብረቱ ትከሻውን መታው፤ ብረቱን ጥሎ በቡጢ ፊቱን መታው። ስታኔ እጁን አላነሳም። አፍንጫው ሲሰበር ተሰማ። የእሱ ደም ሽርጡ ላይ ካለው የአሳማ ደም ጋር ተቀላቀለ። ቪዳ "ተው" ማለት ትችል ነበር፤ ክሌመን እስኪደክመው ድረስ ግን አላለችም።

ስታኔ ጠረጴዛውን ይዞ ቆመ። ቀኝ እጁን በተፈለጠው ቅርጽ ማውጫ አጠገብ ዘረጋት።

"ይቺ ናት" አለ። "ውሰዳት።"

ክሌመን መጥረቢያውን አነሳ። የእጁ ሥሮች ተገታትረዋል። ጥርሱን ሳይሆን የጥርሱን ክፍተት ነክሶ ከራሱ በላይ ከፍ አደረገው። ስታኔ ዓይኑን ጨፈነ እንጂ እጁን አልሰበሰበም።

ቪዳ ወደ በሩ ሄደች። ዓመት ሙሉ ዙሪያውን ስትጠርግ የኖረችውን ስኪ በደህናው ክንዷ አቅፋ አመጣችና ከመጥረቢያው በታች፣ የስታኔ እጅ ላይ አጋደመችው።

"ነገ እወጣለሁ" አለች። "ብሳልኝ።"

ክሌመን መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ። "አብደሻል? በዚህ እጅ?"

"በዚህ ሸለቆ እንደ እሱ ቀጥ አድርጎ የሚበሳ የለም። ያን ቀንም ቀጥ አድርጎ ነው የበሳው። የተሳሳተው ቦታው ነው።"

"ቪዳ፣ አልችልም" አለ ስታኔ።

"ትችላለህ። ከዚያ አፍህን ታጠብና ለክሌመን እናት ሄደህ ትነግራታለህ፤ በራስህ አንደበት። መንደሩ ከእሷ ይሰማል።"

ጥቁሩን መለኪያ አነሳች፤ የምድጃውን በር ከፈተችና ውስጥ ከተተችው። የደረቀ እንጨት ነው፤ ወዲያው ያዘ። ከዚያ መሰርሰሪያውን ለስታኔ አቀበለችው።

ስታኔ እጁን በሽርጡ ሊጠርግ ሞከረ፤ ሽርጡ ከእጁ የባሰ ነው። ወደ ቧንቧው ሄዶ ታጠበ። ነጩን መለኪያ ጭራው ላይ አሳካና መርፌው ያረፈበትን በእርሳስ ምልክት አደረገ፤ ነቅሎ እንደገና አሳካው፣ እንደገና ምልክት አደረገ።  መሰርሰሪያው ሲጮህ እጁ ጸና። ክሌመን ጥግ ላይ ተቀምጦ ፎጣ አፉ ላይ ይዞ የተፈለጠውን ቅርጽ ማውጫ ሲያይ ቆየና፣ "ይጠገናል" አለ።

ስታኔ የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ መለኪያውን ወደ ቪዳ ዘረጋ። "ለኪው።"

ቪዳ ተቀበለችው። ስኪውን ሳትነካ መለኪያውን ወስዳ ሚስማሩ ላይ ሰቀለችው።

በማግስቱ ምድጃውን አቀጣጠለች፣ ዳቦዋን በላች። ትከሻዋ አብጧል። ክሌመን ያበጠ ከንፈሩን ይዞ ደጃፉ ላይ ጫማውን ያስር ነበር። ቀስ ብሎ አሰረ። እሷም ቀስ ብላ ጓንቷን አጠለቀች። ከላይ፣ ከጥዶቹ መሐል፣ ማንም ያልረገጠው በረዶ ይታያል። ቶሎ በሉ የሚል ሰው የለም።