ውሃ ላይ የተንሳፈፈው ዞጲ

መምህሩ የስኑከር ዱላቸውን ከረጅሙ ቦርሳ አውጥተው የሥራ ጠረጴዛው ላይ አጋደሙና፣ ቀኝ እጃቸውን ለዱላ ሠሪዋ ዘረጉላት። መዳፋቸው ከሰል ሲያመላልስ የዋለ ሰው መዳፍ ይመስላል። የነጭ ሸሚዛቸው እጅጌም ጠቁሯል።

ዱላ ሠሪዋ ነገሩ ወዲያው አልገባትም። መምህሩ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ከስኑከር በቀር ሌላ ሱስ የሌላቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የማይናገሩ ሰው ናቸው፤ የሆነውንም በሌላ ሰው ላይ እንደደረሰ ነገር ቀዝቀዝ አድርገው ነገሯት። የክለቡ ውድድር ላይ አዳራሹ ሞቆ እጃቸውን ሲያልባቸው፣ የዱላው ጥቁር መያዣ ቀለሙን መልቀቅ ጀመረ። ከእጃቸው ወደ ጠረጴዛው ጨርቅ፣ ከጨርቁ ወደ ነጯ ኳስ ተላለፈ። ዳኛው ሦስት ጊዜ ጨዋታ አስቁሞ ኳሷን ጠረገ። በሦስተኛው ተመልካቹ ሳቀ፤ መምህር ጠመኔያቸውን ረስተው በከሰል መጻፍ ጀመሩ ያለም ነበር።

"የአባትሽን ሥራ ሠላሳ ዓመት አውቀዋለሁ" አሏት። "ልጣላ አልመጣሁም። ዞጲ ነው ብላችሁ የሰጣችሁኝ ምን እንደሆነ ንገሪኝና ልሂድ።"

ቢጮሁባት ይሻላት ነበር።

ከመያዣው ግርጌ በመሮ አንድ ቁራጭ አነሳች። ዞጲ የሚባለው ጥቁር እንጨት እንደ ድንጋይ ከባድ ነው፤ ውሃ ውስጥ ሲጥሉት ይሰምጣል። ቁራጩን የምትጠጣው ውሃ ውስጥ ጣለችው። ተንሳፈፈ። በጣቷ ደፈቀችው፤ ተመልሶ ወጣ። ከሥሩም ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ጥቁር ቀለም እንደ ጭስ እየተጥመለመለ ወረደ።

ይህ ቤት ስም ያወጣው በእንጨት ምርጫ ነው። አባቷ ለዘንጉ የሚሆነው ነጭ እንጨት ጅማቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ቀጥ ካላለ አይነካውም። ለመያዣው የሚሆነውን የጌጥ እንጨት ደግሞ በጥፍሩ ያንኳኳዋል፣ ያሸተዋል፣ በምራቁ አርሶ መልኩን ያያል። "ሰው ፊት ምራቅሽን ዋጪ፣ እንጨት ላይ ግን እንትፍ በይ" ይላት ነበር ሙያውን ሲያስተምራት። የተገዛውን እንጨት ከነጋዴው ግቢ በጋሪ የሚያመጣው ታላቅ ወንድሟ ነው። ቃል ከአፉ በግድ ስለሚወጣ ሰፈርተኛው "ዝምታው" ይለዋል። እሷ ግን አፏን ከፈታችበት ጊዜ ጀምሮ ጋሼ እያለች ነው የምትጠራው።

መምህሩን ቀለም የተነከረ ተራ እንጨት መሆኑን ነግራ፣ አዲስ ዱላ ልትሠራላቸው ቃል ገብታ ሸኘቻቸው። በሩ እንደተዘጋ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ ውስጠኛው ክፍል ዞረች። ወንድሟ ሞርሳው ላይ ጣውላ አስሮ ይሰነጥቃል፤ አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ዘንግ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል።

"ያን ጥቁር እንጨት ያመጣኸው አንተ ነህ?" አለችው ወንድሟን።

"እኔ ነኝ።"

"ቀለም የተነከረ መሆኑን ታውቅ ነበር?"

መጋዙን አስቀመጠ። አንዴ ወደ መስኮቱ አየ። "አውቅ ነበር" አለ።

ከዚያ በኋላ አፏ ያመጣላትን ሁሉ አወረደችበት። ሌባ አለችው። የአባታችንን ስም ሸጠህ በላህ፣ ከዛሬ ጀምሮ በዚህ በር እንዳላይህ አለችው። ጋሼ ማለቱን ትታ በባዶው አንተ ስትለው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ሌባ መባሉ እንኳ እንደዚያ አላደረገውም። ሽርጡን ፈትቶ ምስማር ላይ ሰቀለ፣ ኮቱን አነሳ፣ ወጣ። የአባቷ እጅ አላረፈም፤ ብርጭቆ ወረቀቱ ሽው ሽው ማለቱን ቀጠለ።

በማግስቱ ጠዋት የምትሰድበውን ስድብ መንገድ ሙሉ እያሰካካች እንጨት ነጋዴው ግቢ ገባች። ነጋዴው ነገር የማይሞቀው ሰው ነው፤ እስክትጨርስ ጠበቃትና፣ ወንድምሽ ጋሪ ከመግፋት በቀር ምን አደረገ ሲል ጠየቃት። እሱ እንዳለው እንጨቱን የመረጡት አባቷ ራሳቸው ናቸው። ጣውላው ለፎቶ ፍሬም የመጣ ነው፤ ቀለም የተነከረ ተብሎ በጠመኔ በትልቁ ተጽፎበታል። አባቷ ጽሑፉ ላይ መዳፋቸውን አሳልፈው ጠመኔውን ጠረጉትና፣ ዞጲ ማለት ይህ ነው ብለው ግቢው ውስጥ ለነበረው ገዢ ሁሉ አስተማሩ።

"በሰው ፊት ላሳፍራቸው?" አለ ነጋዴው። "ዝም አልኩ።"

የየትኛውን እንጨት ዋጋ እንደተቀበለ ጠየቀችው። ጉሮሮውን ጠራረገና ዘንድሮ ዝናቡ እንዴት እንደበረታ ያወራ ጀመር። እሷም የተደረደረውን ጣውላ በእግሯ ገፍታ ጭቃ ላይ በተነችለት። ወንድሟ እንጨቱን ሊመልስ ሁለት ጊዜ መጥቶ እንደተባረረ የነገራት፣ ስትወጣ በር ላይ ያገኘችው ዘበኛ ነው።

ወደ ቤት ስትመለስ ንዴቷ አልበረደም፤ አቅጣጫ ቀየረ እንጂ። ዓይን ይደክማል፤ ለማንም አይቀርም። ያንገበገባት ሌላ ነው። ወንድሟን ሌባ ስትለው አባቷ በሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ተቀምጦ ዘንግ እያሸ ነበር።

"አባባ፣ ዓይንህ እምቢ ካለህ ስንት ጊዜ ሆነው?" አለችው።

መጀመሪያ ተቆጣ። ነጋዴው ውሸታም ነው፣ እሷም ትናንት የተወለደች ናት፣ ዞጲው ዞጲ ነው። እሷ ክብደታቸው የማይታወቅ ሁለት ትንንሽ ቁራጭ፣ አንዱን እውነተኛ፣ አንዱን የተነከረ፣ እጁ ላይ አስቀመጠችለትና የትኛው ነው አለችው። አንኳኳቸው። አሸተታቸው። ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙሮ ዓይኑ ሥር አስጠጋቸው። ከዚያ ሳይመርጥ ሁለቱንም ጉልበቱ ላይ አኖራቸው።

"ወንድምሽን እንዳይነግርሽ ያስማልኩት እኔ ነኝ" አለ። "ካወቅሽ መሮውን ትቀሚኛለሽ ብዬ።"

"ሌባ ስለው እዚህ ነበርክ።"

"ነበርኩ።"

"ሰማህ።"

"ሰማሁ።"

አጠገቡ የነበረውን ዘንግ አነሳችና ቀጭን ጫፉን ጉልበቷ ላይ ሰበረችው። ሦስት ሳምንት የለፋበት ነበር።

ከዚያ ጣውላ አባቷ ብቻውን የሠራቸው ዱላዎች አምስት ናቸው። በሚቀጥሉት ቀናት አባቷን በክንዱ ይዛ የየባለቤቶቹን በር አንኳኳች፤ የሚናገረው ግን እሱ እንዲሆን አደረገች። የመጀመሪያው ቤት፣ ዘንድሮ የእንጨት ገበያ ተበላሽቷል ብሎ ሊጀምር ሲል፣ እንደሱ አይደለም ብላ እንደገና አስጀመረችው። ፀጉር አስተካካዩ ሰምቶ ይቅር አለ። የጋራዡ ባለቤት ዱላውን እግራቸው ሥር ወረወረውና በሩን ዘጋባቸው። መጨረሻ መምህሩ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳይጎተጉተው፣ "ዓይኔ ከድቶኛል፤ ደበቅኳችሁ፤ ልጄንም አሰደብኩት" አለ።

ወንድሟ አክስታቸው ቤት ነበር። ጋሼ ይቅር በለኝ አለችው።

"ለምን ብለሽ አልጠየቅሽኝም" አለ። "ታውቅ ነበር ወይ አልሽኝ። ለምን አላልሽኝም።"

እውነት ነበር። ግን እሷም የሆዷን አልዋጠችም። አንተም ለአባባ ብለህ አምስት ሰው ሲታለል አይተህ ዝም ብለሃል፣ ለዚህ እኔም ገና አልተውኩልህም አለችው። አክስታቸው ከማጀት ሆና፣ ሁለታችሁም የዚያ ግትር ሽማግሌ ግልባጭ ናችሁ፣ እዚህ ከምትነካከሱ ሄዳችሁ እሱን ንከሱት አለቻቸው።

ወንድሟ ከወጣ በአሥራ አንደኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ሽርጡን ከመታጠቁ በፊት አባቱ ፊት ቆመና፣ ከእንግዲህ ስለ አንተ አልዋሽም አለው። በዕድሜው ለአባቱ የተናገረው ረጅሙ ንግግር ሳይሆን አይቀርም። አባቷም በእሺታ ራሱን ነቀነቀ።

ለመምህሩ ዱላ እሷ የመረጠችው ወይራ ነው፤ ቢጫው ላይ ቡናማ ጅማት እንደ ደፈረሰ ወንዝ የሚሄድበት። አባቷ ወይራ ለከዘራ ነው ብሎ አጉረመረመ። ስለ እንጨት ካልሆነ በቀር ከተነጋገሩ ሰንብተዋል። የዘንጉን ግርጌ እኩል መሆን ባለባቸው አራት ሹሎች ጠርባ፣ ወይራውን በየጎኑ ለጥፋ በገመድ ጠፈነገችው። ኮላው ሲደርቅ በመላጊያ አለሰለሰችውና አባቷ እጅ ላይ አስቀመጠችው።

የአውራ ጣቱን ጥፍር በመገጣጠሚያው ላይ ቀስ ብሎ ነዳው።

"ይኸኛው ሹል የፀጉር ያህል ይረዝማል" አለ።

አይረዝምም አለችው። ወንድሟን ጠርታ አሳየችው፤ እኩል ናቸው አለ። ማስመሪያ አምጥታ ብርሃኑ ሥር ለካች፤ ደግማ ለካች። ይረዝማል። አባቷ ትክክል መሆኑ ከሌላው ሁሉ በላይ አናደዳት። ዱላውን ሞርሳው ላይ አሰረችና እንደገና ልትገጥመው መገጣጠሚያው ላይ መጋዙን አሳረፈች።