ማዕዘን የያዘው ቆሮሶ

ሙሴ ያኒ የሚባለው ግሪክ ጎረቤታቸው ሱቁን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲመለስ ለጠይብ አንድ ማስታወሻ ትቶለት ሄደ፤ ሁለት ክንድ የሚረዝም የመስታወት ገንዳ፣ ውስጡ አምስት ቀያይ ዓሣዎች።

ጠይብ የአቡጀዲ ነጋዴ ነው። ከሲኒማ ራስ ዝቅ ብሎ ካለው ሱቁ ጀርባ ከሚስቱ ከዘኪያና ከልጃቸው ከካሚላ ጋር ይኖራል። ገንዳውን ሳሎን አስገብቶ ከሬዲዮኑ አጠገብ አስቀመጠውና ሰው በመጣ ቁጥር እጁን ዘርግቶ ያሳይ ጀመር። የማሳየቱ ሥራ የሱ ሆነ፤ ውሃ መቀየሩ፣ ጠጠር ማጠቡ፣ ዳቦ መፈርፈሩ የዘኪያ።

ዘኪያ መጀመሪያ ላይ ተነጫንጫ ነበር። ዓሣ ከድስት ውጭ ቤት ውስጥ ምን ይሠራል ብላ ለጎረቤቷ ለረሂማ አምታለች። እያደር ግን ወደደቻቸው። ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ወንበር ስባ ታያቸዋለች። አይጣሉ፣ አይሻሙ፤ እንደ ሠርግ ቤት ሴቶች ቀሚሳቸውን እየጎተቱ ወዲያ ወዲህ ይላሉ።

ይህ ሰላም የቆየው የጠይብ አጎት ጋሼ እንድሪስ ከኮምቦልቻ እስኪመጡ ነው።

ጋሼ እንድሪስ ሚስታቸው ከሞቱባቸው ወዲህ ቤት አልበቃ ያላቸው፣ ድምፃቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ሽማግሌ ናቸው። ለዐረፋ መጥተው መውሊድ እዚያው አገኛቸው። የሳሎኑን ማዕዘን፣ ሬዲዮኑና ገንዳው ያሉበትን የሶፋ ጥግ ያዙ፤ ከያዙ በኋላ የሚነቀንቃቸው ጠፋ። ሬዲዮኑን ከሳቸው በቀር ማንም አይነካም። ካሚላ ትምህርቷን ጮክ ብላ ስታነብ ይገሥጿታል። ወጡ አንድ ቀን ጨው ያንሰዋል፣ አንድ ቀን ይበዛበታል። ጠይብ ራሱ በገዛ ቤቱ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ምሳውን ይበላል። ዘኪያ ስታማርር፣ አባቴ ሲሞት ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው፣ ቃል አይወጣኝም ይላታል። እሷም ነገሩ እውነት ስለሆነ ወደ ድስቷ ትመለሳለች።

አንድ ቀን ጋሼ እንድሪስ ከአንድ የጭነት መኪና ሾፌር ወዳጃቸው ጋር ዝዋይ ደርሰው ሲመለሱ፣ ለእራት ይሁን ብለው በቆርቆሮ ውሃ ውስጥ ቆሮሶ የሚሉትን የሐይቅ ዓሣ ይዘው መጡ። ዓሣዎቹ መንገድ ላይ አልቀው የአንዱ ብቻ ነፍሱ አልወጣችም ነበር። ዘኪያ ሳፋ ውስጥ ገልብጣቸው ቢላዋ ስታነሳ እሱ ከሳፋው ዘሎ መሬት ላይ ተንፈራገጠ።

ጋሼ እንድሪስ ቢላዋውን አስጣሏት። "ከዝዋይ መርካቶ ድረስ ሞትን ታግሎ የመጣን ማረድ ነውር ነው" አሉና በገዛ እጃቸው አንስተው ቀያዮቹ መሀል ጨመሩት።

ቆሮሶው አንድ ቀን አንገቱን ደፍቶ ዋለ። በማግስቱ ገንዳውን ዞሮ ቃኘና ከትልቁ ድንጋይ ጀርባ፣ ልክ ጋሼ እንድሪስ በተደገፉበት በኩል ያለውን ማዕዘን ያዘ። ከዚያ ወዲያ ወደዚያ ያለፈች ቀይ ዓሣ ሁሉ ጭራዋን ሳትነጭ አትመለስም። ማዕዘኑ አልበቃ ብሎት ግማሽ ገንዳውን የራሱ አደረገ። ካሚላ "ሙሽራ" ብላ የሰየመቻት ትልቋ ቀይ ዓሣ ክንፏ ተበጣጥሶ ሞተች። አራቱ የቀሩት በወዲያኛው ጥግ ውሃው አፍ ላይ ተፋፍገው ይውላሉ። ጋሼ እንድሪስ ደስታቸው ወሰን አጣ፤ ወንድ ማለት እንዲህ ነው እያሉ በጣታቸው መስታወቱን ያንኳኩለታል።

ዘኪያ ያላደረገችው የለም። ከጠገበ ይተዋቸዋል ብላ ዳቦ ጨመረችለት፤ በልቶ ጉልበት አወጣባቸው። ጠይብ ስባሪ የመስኮት መስታወት መሀል ላይ አቆመ፤ ቆሮሶው በግንባሩ እየገጨ ጣለው። ረሂማ ደግሞ የራሱን ፊት ቢያይ ይደነግጣል ብላ መስታወት አምጥታ ከውጭ ደገፈችለት። ቀኑን ሙሉ ከራሱ ጋር ሲዋጋ ውሎ፣ መስታወቱ ሲነሳ ጠላቱ የሸሸ መስሎት የባሰ ኮራ። ዘኪያ ባልዲ ውስጥ ለብቻው አሳድራ መለሰችው፤ ወዲያው ሄዶ ማዕዘኑ ላይ ቆመ። ዘይት ላይ ልጣደው ስትል ጋሼ እንድሪስ ሰሙና፣ እሱን የነካ እኔን ነካ አሉ። ይህ መንገድም ተዘጋ።

አንድ ጁምዓ ወንዶቹ አንዋር መስጊድ ለሶላት እንደወጡ ዘኪያ ገንዳውን ልታጥብ ተነሳች። ድንጋዮቹ አረንጓዴ ለብሰዋል። ዓሣዎቹን ባልዲ ውስጥ አወጣች፣ ድንጋዩንም ጠጠሩንም ፈትጋ አጠበች። ምሳ ሳይደርስ እንዳይመጡባት እየተቻኮለች ስለነበር የቱ የት እንደነበረ ሳትጠነቀቅ ዝም ብላ መለሰችው። ትልቁ ድንጋይ በወዲያኛው ጫፍ ገባ፣ ትንንሾቹ መሀል ሆኑ። በመጀመሪያ ቀያዮቹን ለቀቀች፤ በኋላ ቆሮሶውን።

ቆሮሶው እንደ ልማዱ ወደ ማዕዘኑ ተወረወረ። ድንጋዩ የለም። ዞሮ ወደ ወዲያኛው ጫፍ ሄደ። ድንጋዩ አለ፣ ግን አንዷ ቀይ ዓሣ ቀድማው ከኋላው ገብታለች። ተመልሶ መሀል ውሃ ላይ ቆመና አፉን ይከፍት ይዘጋ ጀመር፤ በማያውቀው አገር ከአውቶቡስ የወረደ ሰው መሰለ። ሌላዋ ዓሣ በአፍንጫው ስር አለፈች። አልነካትም።

ዘኪያ እጇ ውሃ እያንጠባጠበ ብዙ አየችው። ከዚያ አንገቷን ቀስ ብላ ወደ ሶፋው አዞረች።

"ካሚላ" አለች፣ "ነይ እስቲ አንድ ጊዜ፣ ይሄን ያዢልኝ።"

እናትና ልጅ ሶፋውን ጎትተው ጓዳ አስገቡት። ማዕዘኑ ላይ ቡፌውን ገተሩበት። ሬዲዮኑ መስኮቱ ስር ሄደ፣ ገንዳው ከበሩ አጠገብ ሆነ። ወለሉ ላይ ዙሪያውን ፍራሽ ዘርግተው አንድ ዓይነት መከዳ ደረደሩበት። ካሚላ ሳቋ እያመለጣት አፏን በሻሿ ያዘች። ዘኪያ ግን ወንዶቹ በር ላይ ሲደርሱ ምንም እንዳልሠራ ሰው ሻይ እየቀዳች ነበር።

ጋሼ እንድሪስ ገብተው እግራቸው ወደለመደው ሄዱና ቡፌው ላይ ሊቀመጡ ምንም አልቀራቸውም። ቆሙ። ወደ ቀኝ አዩ፣ ወደ ግራ አዩ።

"ይቀመጡ እንጂ ጋሼ" አለች ዘኪያ፣ "የትም ቢሆን ቤትዎ ነው።"

በመጨረሻ በሩ አጠገብ፣ ከካሚላ ጎን ትከሻ ለትከሻ ተቀመጡ። ያን ቀን የጨው ነገር አልተነሳም። ምሳ ሲያበቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ የማይከብድ ከሆነ ሬዲዮኑ ይከፈት እንደሆነ ጠየቁ። ጠይብ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ሚስቱን አያት። እሷ አላየችውም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጋሼ እንድሪስ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ እየተቀመጡ አንድም ቦታ አልሞቅ አላቸው። አንድ ማታ ከእራት በፊት ገንዳው ላይ አጎንብሰው ቆሮሶውን ሲያዩ ቆዩና ጠሯት።

"ዘኪያ፣ ይሄን ጀግና ምን አድርገሽው ነው እንዲህ የበረደው?"

"ምንም አላደረግሁት ጋሼ። ድንጋዩን አዘዋወርኩበት።"

ቡፌውን አዩ፣ ሬዲዮኑን አዩ፣ እሷን አዩ። ዘኪያ አሁን ቀልዱ ቅሬታ ሊሆን ነው ብላ አቀረቀረች። ሽማግሌው ግን ትከሻቸው ይነቃነቅ ጀመር፤ ሳቁ መጣና እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ።

"ሟቿም እንዳንቺ ነበረች" አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አልጋችንን በየጊዜው ስታዘዋውርብኝ እኔ ጽዳት ይመስለኝ ነበር።"

ዘኪያ ያን ማታ ለመጀመሪያ ጊዜ አዘነችላቸው። ማዘኗን ለማሳየትም ከወጡ ውስጥ ደህናውን ሥጋ ወደሳቸው ገፋችላቸው፤ ሶፋውን ግን ከጓዳ አላወጣችውም።

ጋሼ እንድሪስም አኩርፈው ኮምቦልቻ አልተመለሱም። ከቤቱ ይልቅ ሱቁ ተሻላቸውና በርጩማ ወስደው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ። በሳምንቱ የሱቁ ደጃፍ የሳቸው ሆነ። ጨርቅ ዳስሶ የሚያልፍ ደንበኛ ካልገዛህ ምን ያስነካሃል ይባላል፤ ዋጋ ቀንሱልኝ ያለች ሴት የእናቷን አገር ሳትጠየቅ አትሄድም። ደንበኞቹ ቀስ በቀስ ከመንገዱ ማዶ ወዳለው ሱቅ ይሻገሩ ጀመር። ቤት ውስጥ ካሚላ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ዘኪያ ሬዲዮኑን እንደፈለገች ትከፍታለች።

አንድ ሐሙስ ጠይብ ደክሞት ገባ። ሚስቱ ክንዷን እስከ ክርኗ ገንዳው ውስጥ አስገብታ፣ ቆሮሶው ጥጋብ ቢጤ ስለጀመረው ድንጋይ ታዘዋውራለች። አጠገቧ ተንበረከከና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ስሚ እስቲ ዘኪያ" አለ፣ "የሱቅ መደርደሪያ ቢዘዋወር ምን ይመስልሻል?"

ዘኪያ እጇን ከውሃው አውጥታ በቀሚሷ ጠረገችና፣ ነገ ለጁምዓ ሱቁን በስንት ሰዓት እንደሚዘጋ ጠየቀችው።